የአቶ ከማል ምርቃትና ሁለቱ ዲስኮች

የእኔ ተረት የላም በረት የለውም፤ የኮምፒውተር ሳጥን ነው ያለው። ሳጥኑ ደሴ ነው፣ ሰርግ በምትቀርጸው በማንጠግቦሽ ስቱዲዮ።

አንድ ቀን ወይዘሮ ዘይነባ መጡ። «ባለቤቴ ከማል፣ አላህ ይዘንለትና፣ በልጃችን ሰርግ የመረቀው አንቺ ዘንድ ብቻ ነው ያለው። ዲስክም ይሞታል አሉኝ። በሁለት ዲስክ አስቀምጪልኝ፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ድምፁን እንዲያሰማኝ።»

«እሺ፣ እትዬ» አለች።

ማንጠግቦሽ ዊንዶውስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ምስል ትቆርጣለች፣ በዚያው ኮምፒውተር ሊኑክስ በሚባለው ሌላ ሥርዓት ድምፅ ታጠራለች። ሁለት ዲስክ አጣምሮ አንዱን የሌላው ግልባጭ ማድረግ ሬይድ ይባላል። ዊንዶውስን ጠየቀችው። «አጣምራለሁ፤ ሊኑክስ ግን አያየውም።» ሊኑክስን ጠየቀችው። «አጣምራለሁ፤ ዊንዶውስ ግን አያየውም።» አንዱ ሲያጣምር ሌላው ይታወራል፤ ምርቃቱም በአንድ ዲስክ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሳጥኑ ውስጥ የሚሰካ የሬይድ ካርድ አመጣች። «ሥራውን እኔው እሠራለሁ፤ ሁለቱም እንደ አንድ ዲስክ ያዩኛል። ዲስኮቹን ግን ባዶ አድርጊልኝ» አለ ካርዱ። ዲስኮቹ ደግሞ፣ «የያዝነውን ሌላ ቦታ ሳታስቀምጪ ባዶ አንሆንም» አሉ። ዲስኮቹ ባዶ አይሆኑ፣ ካርዱ አያጣምር፣ አንዱ ሲያጣምር ሌላው ይታወራል፤ ምርቃቱም በአንድ ዲስክ ተንጠልጥሎ ቀረ።

የእድሩ ጸሐፊ ጋሼ ይመር ትልቅ ዲስክ አላቸው፤ ዲስኮቹ የያዙትን ለጊዜው ላኑርበት ብላ ለመነቻቸው። «የእድሩ ንብረት ነው። ከአባላቱ ዋስ ጥሪ» አሏት። የእድሩ አባል ወደሆነው ጸጉር አስተካካይ ወደ እንድሪስ ሄደች።

«ያልገባኝን ዋስ አልሆንም። አስረጂኝ።»

አስረዳችው። ዋስ ከሌለ ይመር አይሰጡ፣ ይመር ካልሰጡ ዲስኮቹ ባዶ አይሆኑ፣ ካርዱ አያጣምር፣ አንዱ ሲያጣምር ሌላው ይታወራል።

«ቆይ፣ የታወረው ማን ነው?»

«ተራ በተራ ነው።»

እንድሪስ መቀሱን አስቀመጠና ራሱን አከከ። «ማንጠግቦሽ፣ አሁን ይባስ ጠፋኝ።» እሷም ብትሆን ግራ ገብቷታል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ጣቴን እያጠፍኩ ነው የማወራው።

ስትመለስ ወይዘሮ ዘይነባ በር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ዋሱን፣ ይመርን፣ ዲስኮቹን፣ ካርዱን፣ የሚታወሩትን።

«ልጄ፣ አንዱም አልገባኝም» አሉ ዘይነባ። «ይመር የፈለገው ዋስ ነው? ከማልን የቀበረው እኮ ያ እድር ነው፤ እኔም አባል ነኝ። ተነሺ እንሂድ።»

ዘይነባ ዋስ ሆኑ፣ ይመር ሰጡ፣ ዲስኮቹ ባዶ ሆኑ፣ ካርዱ አጣመረ፣ ዊንዶውስ አየ፣ ሊኑክስም አየ፤ ምርቃቱ ተመልሶ በሁለት ዲስክ ተቀመጠ።

ዘይነባ ግን አላመኑም። «እስቲ እያየሁ አንዱን ንቀዪው።»

ማንጠግቦሽ ፈራች። ቪዲዮውን ከፈተች፤ አቶ ከማል መመረቅ ጀመሩ፤ አንዱን ዲስክ ነቀለችው። ካርዱ ጮኸ። አቶ ከማል ግን «ውለዱ፣ ክበዱ» እያሉ ቀጠሉ።

ዘይነባ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ስትመልሱም ሁለት ቦታ አስቀምጡልኝ።