ሦስት መስመር የፈጀው ርዕስ

አንድ ይትባረክ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ምህንድስና ተማሪ ነበር። የመጨረሻው ዓመት ላይ ደረሰና የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የሚመረጥበት ሰሞን መጣ። በዚያ ግቢ ርዕስ መምረጥ ሚስት ከመምረጥ አይተናነስም። የእያንዳንዱ ተማሪ ርዕስ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ የመጀመሪያ ዓመቶቹ ሳይቀሩ እየመጡ ያነቡታል፤ ርዝመቱንም ያደንቁለታል። ርዕሱ ያጠረበት ተማሪ "ምነው፣ አቅም አነሰህ እንዴ?" ይባላል። አንዴ የተለጠፈውን መቀየርማ ጭራሽ ነውር ነው።

ይትባረክም ከሰው ላለማነስ ብሎ በሰማይ እየበረረ የሰብል በሽታ የሚለይ፣ መድኃኒት የሚረጭ፣ ለገበሬውም በስልክ የሚያሳውቅ ድሮን እሠራለሁ አለ። ርዕሱ ሲጻፍ ሦስት መስመር ፈጀ። ጓደኞቹ አጨበጨቡለት። እናቱ በስልክ ሲነግራት ምኑም ባይገባት በደስታ ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰች፤ ለምርቃቱም ዘመድ ከያለበት መጥራት ጀመረች።

ችግሩ፣ ይትባረክ ድሮን በእጁ ነክቶ አያውቅም። ገበያ ላይ ያገኛቸው ሞተሮች ለመጫወቻ እንጂ ለሥራ የሚሆኑ አልነበሩም። የገጣጠመው ነገር ይንጫጫል እንጂ አይነሳም። ሰው "ፕሮጀክቱ እንዴት ነው?" ሲለው "እየሄደ ነው" ይላል፤ ድሮኑ ግን ከጠረጴዛው ላይ ንቅንቅ አላለም። በፈተናው ቀን የሚሠራ ነገር ይዞ ካልቀረበ ከጓደኞቹ ጋር እንደማይመረቅ ያውቃል። ምግብ አልበላ አለው። የእናቱን ስልክ ማንሳት ፈራ።

አንድ ቀን ጨከነና ወደ አማካሪው ወደ መምህር ወንድይራድ ቢሮ ገባ።

"መምህር፣ አልቻልኩም" አለ።

መምህሩ አልተቆጡም። "ይህ ሥራህ አልቆ ቢበላሽ መጥቶ የሚቆጣህ ሰው ማን ነው?" ብለው ጠየቁት።

"የሚጠቅመው እኮ ለአገሪቱ ገበሬ ሁሉ ነው።"

"እሱን አልጠየቅኩህም። ሰውየውን በስሙ ንገረኝ።"

ይትባረክ አሰበ፣ አሰበ፤ አንድም ስም አጣ። ከአንድ ገበሬ ጋር እንኳ ስለዚህ ነገር ተነጋግሮ አያውቅም።

"እንግዲያው ሂድና መጀመሪያ የሚቆጣህን ሰው ፈልግ። ርዕሱን መቀየር ለእኔ ተወው፤ እፈርምልሃለሁ" አሉት።

ይትባረክ ከቢሮው ሲወጣ ከጫንቃው ላይ ጆንያ የወረደለት ያህል ቀለለው።

የሚቆጣ ሰው ፍለጋም ሩቅ አልሄደም። ማደሪያቸው ውስጥ ውኃ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ስለዚህ ተማሪው ቧንቧ ከፍቶ፣ ባልዲ ከሥሩ አስቀምጦ ክፍል ይሄዳል። ውኃው ሰው በሌለበት ይመጣና ባልዲውን ሞልቶ ኮሪደሩን ያጥለቀልቀዋል። ያን ጊዜ የሕንፃው ተቆጣጣሪ እትዬ አስካለች መወልወያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ቁጣቸው ላይኛው ፎቅ ድረስ ይሰማል።

ይትባረክ ቧንቧው እንደተዘጋ የውኃውን ግፊት እየለካ፣ ውኃ ሲመጣ እትዬ አስካለች ክፍል ውስጥ ደወል የሚያሰማ ትንሽ መሣሪያ ሠራ። አዲሱ ርዕስ ግማሽ መስመር እንኳ አልሞላም። ሰሌዳው ሥር ቆመው የሳቁ ነበሩ። ቻላቸው።

መሣሪያው በተገጠመ ማግስት ደወሉ ጮኸ። እትዬ አስካለች በርሜላቸውን እያንከባለሉ፣ ተማሪውም ጀሪካኑን ይዞ ተንጋጋ። ቧንቧው ሲከፈት ግን ፉት የሚባል ውኃ የለም፤ ንፋስ ብቻ።

"አንተ ልጅ፣ በንፋስ ልታጥበን ነው?" ብለው እትዬ አስካለች ጮኹበት።

ይትባረክ አፈረ፤ ግን ደግሞ ደስ አለው። የሚቆጣው ሰው በእርግጥ መጥቷል! ሲመረምር ውኃው ከመድረሱ በፊት ቧንቧው ውስጥ ያለው አየር እየተገፋ ቀድሞ እንደሚመጣ ደረሰበት። ደወሉ ግፊቱ እስኪረጋ ድረስ እንዲታገስ አደረገው። ከዚያ በኋላ ተማሪው ደወሉን አምኖ ቧንቧውን ዘግቶ ክፍል መሄድ ጀመረ፤ ኮሪደሩ ደረቀ፤ እትዬ አስካለችም የሚቆጡበት ሌላ ነገር ፈለጉ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ከፈታኞቹ አንዱ መሣሪያውን ገልበጥ አድርገው አዩና "ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው ለደወል ነው?" አሉ። ክፍሉ ሳቀ።

"እሺ፣ ይህ ነገር መቼ መቼ ይሳሳታል?" ሲሉ ቀጠሉ።

ከእሱ በፊት የቀረበው ተማሪ ይህንኑ ተጠይቆ "የእኔ አይሳሳትም" ብሎ ነበር፤ እውነቱን ነው፣ የእሱ ገና በርቶም አያውቅ። ይትባረክ ግን አፉ ተፈታ። ስለ አየሩ ነገራቸው፤ መብራት ሲጠፋ ስለሚሆነው፣ ዝገት ሲገባበት ስለሚያጋጥመው፣ ምን ሞክሮ ምን እንዳልሠራለት፣ እስካሁን ያልፈታው የትኛው እንደሆነ ሳይደብቅ አወራ። ፈታኙ አላቋረጡትም። ሲጨርስ ወደ ባልደረቦቻቸው ዞር ብለው "ይሄ ሠርቶታል" አሉ። አለፈ።

ደጅ እንደወጣ ለእናቱ ደወለ። "እማዬ፣ አለፍኩ! ግን ያልኩሽን አይደለም የሠራሁት፤ ትንሽ ነገር ነው።"

"ተወው እሱን" አለች እናቱ። "አሁን ገና ድምፅህን ሰማሁ። ሰሞኑን ልጄን ያጣሁት መስሎኝ ነበር።"

ይትባረክ ግቢው መሐል ቆሞ አለቀሰ። ከዚያ ወደ ምግብ ቤት ሄዶ እስኪጠግብ በላ።

ብዙዎቻችን ሥራ የምንመርጠው አይቶ ለሚያደንቀን ሰው ነው፤ የሚጠቀምበትን ሰው ረስተነዋል። ሥራው ሲያቅተን ደግሞ እውነቱን ከመናገር "እየሄደ ነው" ማለት ይቀልለናል። ድሮን የሚሠራ ይሥራ፤ ትልቅ ማሰብም አይከፋም። ግን ከታላቅ ስም ይልቅ የምናውቀው ሰው ችግር ያሠራናል፤ በጊዜው የተነገረች "አልቻልኩም"ም ሰውን ከውድቀት ታድናለች።

እናንተስ፣ "አልቻልኩም" ለማለት የፈራችሁት ነገር የትኛው ነው? ዛሬ ብትናገሩትስ ምን ይቀርባችኋል?