የውሃ አባት ሁለተኛው ጥያቄ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በዘገየበት ዓመት፣ የአንድ ቆላ እንስሳት ሁሉ በአንዲት ምንጭ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ሌሎቹ ምንጮች ደርቀው ነበር። ይህችኛዋ ከገደል ሥር፣ ከአንድ ትልቅ ዋርካ አጠገብ ትፈልቃለች።

እንስሳቱ ውሃውን የሚጠብቅና የሚያከፋፍል ሹም ነበራቸው። «የውሃ አባት» ይሉታል። በዚያ ዘመን የውሃ አባት የነበረው ሽማግሌው አንበሳ ነው። ምንጩን መንካት የሚፈልግ ሁሉ ፊቱ ቀርቦ ሁለት ጥያቄ ይመልሳል። አንደኛው «ምን ልታደርግ ነው?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «እንዴት?» የሚል። ሁለቱን ሳይመልስ ሰኮናውንም ሆነ ጥፍሩን ውሃው ውስጥ የሚያስገባ የለም። ደንቡን ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ብዙዎቹም ሁለተኛውን ጥያቄ የሽማግሌ ነገር ማብዛት አድርገው ያዩት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከገደሉ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተንከባልሎ መጣና የምንጩ ዓይን ላይ ተቀመጠ። ውሃው በድንጋዩ ጠርዝ ጠብ ጠብ ማለት ብቻ ቀረው። ሁሉም ተጨነቀ፤ የአህያዋ ጭንቀት ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። ከወለደች ገና ሦስት ቀኗ ነው። ውሃ ካላገኘች ወተት አይኖራትም፤ ወተት ከሌላት ደግሞ ውርንጭላዋ አይተርፍም።

ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ቀበሮ አንድ ነገር አሰበች። ጉድጓዷ ከምንጩ በታች፣ ከተዳፋቱ ሥር ነው። ድንጋዩ ቢነሳ የታቆረው ውሃ በሙሉ ወደ እሷ ደጅ እንደሚወርድ አሰላችና ወደ ጅቡ ሄደች።

«አያ ጅቦ» አለችው፣ «ያን ድንጋይ የሚያነሳ ጉልበት ያለህ አንተ ብቻ ነህ። ያነሳው ደግሞ እስኪጠግብ ይጠጣል አሉ።»

«አሉ» የተባሉት እነማን እንደሆኑ ጅቡ አልጠየቀም። «እስኪጠግብ» የሚለውን ከሰማ በኋላ ሌላ ነገር ጆሮው አይገባም። እየሮጠ አንበሳው ፊት ቀረበና ድንጋዩን ነቅሎ ሊጥል እንደሆነ ተናገረ።

አንበሳው ሁለተኛውን ጥያቄ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ። ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣብቋል። እሱም እንደ ሌሎቹ ሁለት ቀን ሙሉ ጉሮሮውን በወጉ አላረጠበም። ድንጋዩን አየው፤ ከድንጋዩ በስተጀርባ ያለውን ውሃም አሰበው።

«እንግዲያው ንቀለው» አለ። «እንዴት?» አላለም።

ጅቡ ትከሻውን ድንጋዩ ሥር አስገብቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ገፋ። ያ ድንጋይ ምንጩን መዝጋቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከበላዩ ያለውን ልል አፈር ደግፎ የያዘውም እሱ ነበር። ይህን ለማየት አንዴ ቀና ማለት ይበቃል። ጅቡ ቀና አላለም። ድንጋዩ ሲነቀል አፈሩ ተናደና ጅቡን እስከ አንገቱ ቀበረው፤ በጆሮው ጎትተው አወጡት። ከታች ጉድጓዷን አፅድታ ውሃ ስትጠብቅ የነበረችው ቀበሮም ያገኘችው ጭቃ ብቻ ነው። ጉድጓዷ ሞልቶ መግቢያው ጠፋ። ያቺ ጠብታም ቆመች።

ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ ሆነ። ጅቡ ቀበሮ አሳሳተችኝ ይላል፤ ቀበሮዋ የእሱን ችኮላ ትረግማለች። አንበሳው ግን ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ልቡ ያውቀዋልና አፍሮ ነበር።

አህያዋ በዚህ መሃል መጣች። ውርንጭላዋን ዋርካው ጥላ ሥር አስተኝታዋለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመነሳት አቅም አጥቷል። ናዳው ፊት ደርሳ ቆመች። ፀሐይ ከፍ አለች። እሷ አሁንም እንደቆመች ነው።

ጅቡ ከአፉ አፈር እየተፋ፣ «ልጅሽ እየሞተ አንቺ ትቆሚያለሽ?» አላት።

«እየሞተ ስለሆነ ነው የቆምኩት» አለች። «ብሳሳት ደግሜ የምሞክርበት ጊዜ የለኝም።»

 ዓይኗን ከመሬቱ አላነሳችም። ከናዳው ራቅ ብሎ፣ ከዋርካው ሥር አጠገብ፣ ንቦች እየመጡ መሬት ላይ ያርፋሉ፤ ጥቂት ቆይተው ይነሳሉ፤ ሌሎች ይተካሉ። አበባ የለም። አህያዋ ቀስ ብላ ቀረበችና አፈሩን በአፍንጫዋ ነካችው። ቀዝቀዝ አላት። ከዚያ ወደ አንበሳው ሄደች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አላት።

«ውሃውን ልፈልግ፣ ጌታዬ።»

ጅቡ በቃ ትሂድ ብሎ አጉረመረመ። አንበሳው የደረቀ ከንፈሩን ላሰ።

«እንዴት?» አለ።

«በጥንቃቄ» አለች አህያዋ። «ናዳውን አልነካውም፤ ከነካሁት ይደገማል። ንቦቹ በሚያርፉበት፣ የዋርካው ሥር አፈሩን አጥብቆ በያዘበት እቆፍራለሁ። እርጥቡ ጋ ስደርስ አቆምና ውሃው ራሱ እስኪወጣ እጠብቃለሁ።»

«ልጅሽስ እስከዚያ ይቆያል?»

«አላውቅም። ከቸኮልኩ ግን እንደማይተርፍ አውቃለሁ።»

አንበሳው ፈቀደላት። በፊት ሰኮናዋ ትቆፍራለች፤ የቆፈረችውን ጅቡና ቀበሮዋ በአንበሳው ትእዛዝ አርቀው ይደፋሉ። ክንድ ያህል ስትወርድ አፈሩ ጨለመ። ትንሽ ቆይቶ ሰኮናዋ ላይ ጭቃ ተለጠፈ። አህያዋ አቆመች።

እውነቱን ለመናገር፣ ከመቆፈሩ ይልቅ የከበደው ይህ ነበር። ውርንጭላዋ ከጥላው ሥር በቀጭን ድምፅ ጠራት። እግሮቿ ሊሄዱ ተነሱ፤ እንደገና ሊቆፍሩም ተነሱ። ሁለቱንም ከለከለቻቸው። ጉድጓዱ ጥግ ላይ መጀመሪያ ደፍራሽ፣ ቀጥሎም ጥርት ያለ ውሃ ብቅ አለ። ጅቡ ዘሎ ሊገባ ሲል አንበሳው ክንዱን አንገቱ ላይ አሳረፈበት።

መጀመሪያ የጠጣችው አህያዋ ናት። ጠጥታ ልጇን አጠባች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውርንጭላው በሚንገዳገዱ እግሮቹ ቆሞ እናቱን በግንባሩ ጎሸም አደረጋት። የዚያን ጊዜ አህያዋ አለቀሰች።

አንበሳው እንስሳቱን ሰበሰበ። «ጥያቄውን ስጠይቅ ያረጀሁት እኔ ነኝ» አለ። «ስጠማ ዘለልኩት። እሷ ደግሞ ልጇ ሊሞትባት እያለ አልዘለለችውም። ከዛሬ ጀምሮ ውሃውን እሷ ትጠብቅ።»

በማግስቱ ሁሉም ተሰልፎ ውሃ ሲጠጣ የጅቡ ተራ ደረሰ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችው አህያዋ።

«ልጠጣ ነዋ።»

«እንዴት?»

ጅቡ ይህን ጥያቄ ስንቴ መልሶታል፤ ቆም ብሎ ግን አስቦበት አያውቅም። የጉድጓዱን አፍ አየ። የዋርካውን ሥር አየ። ከበስተኋላው የተሰለፉትን ዞር ብሎ አየ። ወደ ላይም ቀና ብሎ ገደሉን አየ።

«ቀስ ብዬ» አለ በመጨረሻ። «ጠርዙን ሳልረግጥ። ለሌላውም አስቀርቼ።»

አህያዋ ከመንገዱ ዞር አለችለት።

ከዚህ የምንማረው ምን እንደምንሠራ ማወቅ ብቻውን እንደማይበቃና፣ ይልቁንም ሲጨንቀን፣ እንዴት እንደምንሠራው ቆም ብለን በማስተዋል ራሳችንን መጠየቅ እንዳለብን ነው።