ሸህ ዘከሪያና የጋራው ግድግዳ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ይሁንና፣ ስሟን ማንሳት በማያስፈልገን አንዲት ጥንታዊ ከተማ ውስጥ ቤቶቹ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው የተሠሩ ነበሩ። በሁለት ቤት መካከል ያለው የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ አንድ ነው። የአንዱ ቤት ጣሪያ ወራጅ እንጨት ጫፉ ግድግዳውን አልፎ በሌላው ቤት ብቅ ይላል። ስለዚህ የከተማዋ ሰው ቤቱን በገዛ እጁ ቢጠግንም፣ የጋራውን ግድግዳ ከመንካቱ በፊት የጎረቤቱን በር አንኳኩቶ ያስፈቅዳል። ጎረቤትየውም "ግባና የኔንም ወገን እይ" ይለዋል። ይህን ያላደረገ ሰው ከቤት ሰርሳሪ ተለይቶ አይታይም ነበር።

ነስሩ ግን አላስፈቀደም። እንዴት ብሎ ያስፈቅድ? ከጎረቤቱ ከሸህ ዘከሪያ ጋር በአንዲት አሸንዳ የተነሳ ተኳርፎ ዓመታት አልፈዋል። የነስሩ ጣሪያ ውሃ በሸሁ ግቢ ይወርድ ነበርና ሽማግሌዎች አሸንዳውን እንዲያዞር ፈረዱበት። ከዚያ ወዲህ ሸሁ ወደ መስጂድ ሲያልፉ "አሰላሙ ዐለይኩም" ይሉታል፤ እሱ አንገቱን ያዞራል። ሰላምታ መመለስ ግዴታ መሆኑ ጠፍቶት አይደለም፤ ኩራት የሚሉት በሽታ ይዞት ነው። ሸሁ አይሰለቹም፣ በማግስቱም ያንኑ ይሉታል። ይህ ደግሞ ነስሩን ይብስ ያበግነዋል።

የልጁ የሙና ኒካህ ቀን ተቆረጠ። የሙሽራው ወገን ሴቶች የሚቀመጡት ከጋራው ግድግዳ ሥር ባለው ክፍል ነው። ታዲያ በዚያ ክፍል ግድግዳ ውስጥ ሳህን የሚደረደርበት መደርደሪያ ተፈልፍሎ ካልታየ የከተማዋ ሴቶች አፍ አይቻልም። ነስሩ መሮና መዶሻ አንስቶ ራሱ ጀመረው። ግንበኛ ቢጠራ "ጎረቤትህን አስፈቅደሃል?" ብሎ ሊጠይቀው ነዋ! ሸሁ ለሶላት ሲወጡ ይፈለፍላል፣ ኮቴያቸውን ሲሰማ ያቆማል።

"አንተ ሰውዬ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ግንበኛ የሆንከው?" አለችው ሚስቱ ሉባባ። "አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ። ሸሁን ብታስፈቅዳቸው ምን አለበት?"

"ቤቱ የኔ ነው።"

"ግድግዳውስ?"

ነስሩ ጀርባውን ሰጥቷት መሮውን ይስል ጀመር።

በዚያው ሰሞን ሸህ ዘከሪያ በሩን አንኳኩ። ነስሩ ከጓዳ ሆኖ "የለም በያቸው" ብሎ በእጁ ምልክት ሰጣት። ሉባባ እፍረት እየገደላት "የለም" አለች።

"እንግዲያስ ንገሪልኝ" አሉ ሸሁ በረጋ ድምፅ። "ግድግዳው በኔ ወገን ባዶ ነው። ከዚህ በላይ እንዳይመታው፤ ጣሪያው ይወርዳል።"

ሄዱ። ሉባባ ወደ ባሏ ዞረች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ነስሩ ግን ሳቀ። "አየሽ? ሰምቶ ኖሯል! ሊያስቆመኝ ሰበብ ፈልጎ ነው" አላት። ሸሁ በማግስቱም መጡ፤ በሩ ጭራሽ አልተከፈተላቸውም።

በሠርጉ ዋዜማ ነስሩ ቸኩሎ ሸሁ እስኪወጡ እንኳ አልጠበቀም። መሮውን ደገነና በመዶሻ መታው። መሮው ጠልቆ ገባና ከእጁ አመለጠ። ከወዲያ ማዶ ድንጋይ ሲንደባለል ተሰማ፤ ግድግዳው መሃሉ ላይ ቀዳዳ ከፍቶ ተናደ። በላዩ ወራጆቹ ተንጫጩ፣ ከጣሪያው አፈር ረገፈ። ነስሩ ክው አለ። ነገ እዚህ የሚቀመጡት ሴቶች፣ ሕፃናቱ፣ ሙና ራሷ ባንድ አፍታ ታዩት። መሸሽ አቃተው። ዓይኑን ጨፍኖ "ላ ኢላሀ ኢለላህ" አለና ጣሪያውን ጠበቀ።

ጣሪያው አልወረደም።

ዓይኑን ሲገልጥ ያየው ነገር ከመናዱ የበለጠ አስደነገጠው። በቀዳዳው ማዶ፣ ልክ እሱ በቦረቦረው ቦታ፣ አዲስ የተላጠ የጥድ ቋሚ ቆሟል። በቋሚው ላይ አግዳሚ ተጋድሟል፤ አግዳሚው የሁለቱንም ቤት ወራጆች ጫፍ ደግፎ ይዟል። ከቋሚው አጠገብ ሸህ ዘከሪያ ጢማቸው አቧራ ለብሶ ተቀምጠዋል።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ ነስሩ" አሉት በቀዳዳው።

ነስሩ ከስንት ዓመት በኋላ "ወ... ወዐለይኩሙ ሰላም" አለ። የገዛ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

እየሮጠ ዞሮ ወደ ሸሁ ቤት ገባ። እዚያ ደጃፍ ከረገጠ ስንት ዘመኑ! ገና ሲገባ ትዝ አለው፦ በደጉ ጊዜ በዓይኑ ያየው፣ ኪታቦች የሚደረደሩበት የሸሁ አባት መደርደሪያ በዚያው ቦታ በወዲህ ወገን ተፈልፍሎ ነበር። ሁለቱ መደርደሪያዎች ጀርባ ለጀርባ ገጥመው በመሃላቸው የቀረው ጭቃ ብቻ ነበር። ቀና ሲል ደግሞ የቤቱ ሌላኛው ጥግ ጣሪያው ተቀዶ ሰማይ ይታያል። ከሥሩ የበልግ ዝናብ የሞላው ገበቴ ተቀምጧል፤ የሸሁ ምንጣፍ ርሷል።

"ሸህዬ... ይህ ጥድ ለዚያ ለተቀደደው ጣሪያ ያዘጋጁት አልነበረም?"

"ነበር።"

"እኮ ለምን አልከሰሱኝም? ሽማግሌ ይዘው ቢመጡ ያስቆሙኝ ነበር!"

"በልጅህ ሠርግ ሰሞን አባቷን አደባባይ ላቁመው?" አሉ ሸሁ።

ነስሩ እንባው ቀደመው፤ እግራቸው ላይ ሊደፋ ጎንበስ አለ። ሸሁ ትከሻውን ይዘው አቆሙት። "ተው፣ ተው። ይልቅ ድንጋይ አቀብለኝ፣ ያቦካሁት ጭቃ ሳይደርቅብኝ።"

ቀኑን ሙሉ አብረው ደፈኑት። የሸሁን ጣሪያ ደግሞ ከሠርጉ ማግስት ነስሩ በራሱ እንጨት ጠገነው። ወሬው የተሰማው ከሉባባ ነው፤ የሰማ ሁሉ እጁን በአፉ ጫነ። አንዱ ሸሁን "ይህን ሁሉ ሲያደርግብዎት እንዴት አስቻልዎት?" ቢላቸው የመለሱት ይህን ብቻ ነበር፦ "ሰላምታዬን ቢነሳኝ፣ ጣሪያውን ልንሳው?"

ወገኖቼ፣ እኔን ከግድግዳው መናድ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ የነስሩ ሳቅ ነው። እውነት በሩን አንኳኩቶ ነገረው፤ ከተኳረፈው ሰው አፍ ስለወጣ ብቻ ተንኮል መሰለው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ጎረቤት ሐቅ ያን ያህል አጥብቀው ያስተማሩት ያለ ነገር አይደለም። ዛሬ ስንቶቻችን ነን ፊት በነሳነው ሰው ትከሻ ላይ ጣሪያችን ቆሞ እፎይ ብለን የምንተኛው? አላህ እንደ ሸህ ዘከሪያ ያለ ጎረቤት ይስጠን፤ ከዚያ በፊት ግን እኛን ለጎረቤታችን እንደዚያ ያድርገን። አሚን።