ዳንቴሉ አልነሳ ያለ ዕለት

ተረት ተረት ልል ነበር፤ ነገሩ ግን የሆነው በላም በረት ሳይሆን በእኛ ሳሎን ነው።

ወንድሜ ምንያህል በማግስቱ ለዩኒቨርሲቲ ወደ ሚዛን ሊሄድ ነው፤ ኮምፒውተሩንም ይዞ። የቀረችን አንዲት ከሰዓት ብቻ ናት። በእሱ ክፍል፣ ሚጢጢ ስክሪን ላይ ተደፍተን ስንጫወት ነው ያደግነው። ያን ቀን ግን አንድ ነገር አማረን፦ የኳስ ጌማችንን አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ በሳሎኑ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ሶፋ ላይ ተንጋለን፣ ጆይስቲክ ይዘን መጫወት። ኮምፒውተሩን ተሸክመን ሳሎን ገባን፤ ገመዱን ሰካን።

ቴሌቪዥኑ ግን ዳንቴል ለብሷል። እናታችን ዳንቴሉን የምታነሳው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ ዳንቴሉን አንሺልን።»

«እንግዳ ሳይመጣ? አላነሳም!»

ወደ ጎረቤታችን ወደ ጋሽ ውብሸት ሮጥን።

«ጋሽ ውብሸት፣ እንግዳ ይሁኑልን፤ እንግዳ ካልመጣ ዳንቴል አይነሳም፣ ዳንቴል ካልተነሳ ጌም የለም።»

«ያለ ኮት ሰው ቤት? አልሄድም! ኮቴ ልብስ ሰፊው ጋ ነው።»

ወደ ልብስ ሰፊው ወደ አቶ ደግፌ ሮጥን።

«ኮቱን ይስጡን፤ ኮት ከሌለ እንግዳ አይመጣም፣ እንግዳ ካልመጣ ዳንቴል አይነሳም፣ ዳንቴል ካልተነሳ ጌም የለም።»

«ሳልተኩሰው? አልሰጥም! የተጨማደደ ኮት ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ካውያዬን ደግሞ እትዬ ዘውዴ ተውሰውታል።»

እትዬ ዘውዴ የጋለ ካውያ ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል።

«እትዬ፣ ካውያውን ይመልሱልን፤ ካውያ ከሌለ ኮት አይተኮስም፣ ኮት ከሌለ እንግዳ አይመጣም፣ እንግዳ ካልመጣ ዳንቴል አይነሳም፣ ዳንቴል ካልተነሳ ጌም የለም።»

«የልጄን ዩኒፎርም ሳልተኩስ? አልመልስም! እሷ ደግሞ ለብሳው አላወልቅም ብላለች።»

ልጃቸው ትርሲት ደረጃው ላይ ኩርምት ብላለች። ምንያህል ትንፋሹን ሰብስቦ ጀመረ።

«ትርሲቴ፣ ዩኒፎርሙን አውልቂ፤ ዩኒፎርም ካልወለቀ ካውያ አይመለስም፣ ካውያ ከሌለ ኮት አይተኮስም፣ ኮት ከሌለ እንግዳ አይመጣም፣ እንግዳ ካልመጣ ዳንቴል አይነሳም፣ ዳንቴል ካልተነሳ ጌም የለም፤ እኔም ነገ እሄዳለሁ።»

«አላወልቅም! ሁልጊዜ እናንተ ትጫወታላችሁ፣ እኔ በመስኮት አያለሁ። እኔንስ ማን ያጫውተኛል?»

ያሉን ሁለት ጆይስቲኮች ናቸው። እሷ አንዱን ከወሰደች አንዳችን ተመልካች ሊሆን ነው። ምንያህል ግን አላመነታም። «ነይ፣ አንዱ ያንቺ ነው» አላት።

ይኸኔ ቋጠሮው ተፈታ። ትርሲት ዩኒፎርሟን አወለቀች፣ ዩኒፎርሙ ተተኮሰ፣ ካውያው ተመለሰ፣ ኮቱ ተተኮሰ፣ ጋሽ ውብሸት ለበሱ፣ «ቤቶች!» ብለው ገቡ፣ እማዬም ዳንቴሉን አነሳች።

«እንግዳ ኮት ይልበስ ያላችሁ ማነው?» አለች እየሳቀች። «ትርሲትን ብቻ ብታመጧትም አነሳው ነበር።»

ትርሲት አንዱን ጆይስቲክ ያዘች። የቀረውን እኔና ወንድሜ ተካፈልነው፤ ግራውን እሱ፣ ቀኙን እኔ። እሱ ያሮጣል፣ እኔ እመታለሁ። ጋሽ ውብሸት በተተኮሰ ኮታቸው «ምታው! ምታው!» ይላሉ። ትርሲት ድባቅ መታችን።

ከዚያ ወዲህ ሙሉ ጆይስቲክ ይዤ ብዙ ተጫውቻለሁ፤ እንደዚያ ግን ጥሞኝ አያውቅም። ወንድሜ ይናፍቀኛል። ተረቴን አትመልሱ፣ አፌንም በዳቦ አታብሱ፤ ያን ግማሽ ጆይስቲክ ብቻ መልሱልኝ።