ባዶ ገመድ ይዞ የተሰለፈው ባለጋሪ

አንድ ባለጋሪ ነበረ። አንድ ዳማ ፈረስ ነበረው። ፈረሱ ሲያረጅ ሌሎቹ ባለጋሪዎች የሚያደርጉትን አላደረገም። እዚህ ያረጀ የጋሪ ፈረስ ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ፤ ከከተማ ወጣ አድርገው አስፋልት ዳር ይለቁትና ዞር ብለው ሳያዩት ይመለሳሉ። መኪና እስኪገጨው ወይ ጅብ እስኪበላው እዚያው ቆሞ ይቀራል። ይሄ ሰውዬ ግን ዳማውን ከጋሪው ፈታው። ጋሪውን ሸጠና እሱ ራሱ ገበያ ወርዶ ተሸካሚ ሆነ። ማታ ሲገባ ፉርሽካ ይዞለት ይገባል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ የሚያወራው ከፈረሱ ጋር ነው።

ጓደኞቹ «ፈረሱን ጡረታ አውጥቶ እሱ ጋሪ ሆነ!» እያሉ ይስቁበታል።

«እናንተንም ስታረጁ አስፋልት ዳር ነው የሚለቋችሁ» ይላቸዋል፣ አብሯቸው ይስቃል፣ ያልፋል።

ይህን የምነግርሽ፣ ሐረግ፣ «ውሻዬን ቡቺን በመርፌ ወጋግቶ የገደለብኝን ሐኪም ሄጄ ብጠይቀው ምን አገኛለሁ?» ስላልሽኝ ነው። ትንሽ ታገሺኝ።

አንድ ቀን ዳማው ፉርሽካውን አልቀምስም አለ። አንገቱን ደፍቶ ያስላል። ባለጋሪው እየሳበ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰደው። የገበያ ቀን ስለነበረ ሰልፉ በበሬና በላም ተሞልቷል። ሐኪሙ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሀል አጣብቆ፣ ከሆነ ሰው ጋር እየሳቀ ይወጋል። ከዳማው ፊት የነበረውን በሬ ወጋ። ዳማው ጋ ሲደርስ ከዚያው ብልቃጥ ድጋሚ ቀዳ። ፈረሱን በእጁ አልነካውም፤ ምን ሆነ ብሎም አልጠየቀም።

«ዶክተር፣ ይሄኮ ፈረስ ነው» አለ ባለጋሪው።

«ታዲያ ግመል ነው አልኩህ? ይልቅ ያዘው!»

ያዘው። ነጭ ጋዋን ፊት አንዴ መናገሩም ለእሱ ድፍረት ነበር። ዳማው ወደ ኋላ ሊያፈገፍግ ሲል ግንባሩን በግንባሩ ደግፎ «አይዞህ፣ እኔ ነኝ» አለው። ፈረሱም አመነው፤ ቆመ።

ቤት አልደረሱም። መንገድ ላይ ፈረሱን ላብ አጠመቀው፣ ጉልበቱ ከዳው፣ ወደቀ። ባለጋሪው ጭንቅላቱን ታቅፎት ሳለ ሞተ። መድኃኒቱ ይሁን በሽታው፣ መርምሮ የነገረው የለም። እኔም አላውቅም።

ሰፈሩ «ለፈረስ ነው እንዴ እንዲህ የምትሆነው?» አለው። ለፈረስ ድንኳን አይጣል፣ ለፈረስ ለቅሶ አይደረስ። 

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ተነሳና የዳማውን ማሰሪያ ገመድ ይዞ ሰልፉ ውስጥ ገባ። ገመዱ ጫፍ ላይ ምንም የለም። ከኋላው ጥጃ የያዘች ሴትዮ አይታው ሳቀች።

«ከብትህ አመለጠህ መሰል፣ ወንድሜ!»

እሱ ሰልፉ ሲጠጋ ይጠጋል። ተራው ደረሰ።

«የታል ከብቱ?» አለ ሐኪሙ።

«ባለፈው የወጋኸው ነው።»

ሐኪሙ አወቀው። ፊቱ ተለዋወጠ። «ያረጀ እኮ ነበር። የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል?»

«የእግዜርን ሥራ እግዜርን እጠይቀዋለሁ» አለ ባለጋሪው። «እኔ የመጣሁት ስላንተ ሥራ ነው። ምንድነው የወጋኸው?»

 ሐኪሙ «ቀጣይ!» ብሎ ጮኸ። ባለጋሪው አልተጨቃጨቀም። ገመዱን እንደያዘ ፈንጠር ብሎ ቆመና ያየው ጀመር።

ባለጥጃዋ ቀረበች። ሐኪሙ ባለጋሪውን በጎን አየት አደረገና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጎንበስ ብሎ የጥጃዋን ዓይን ገለጥ አድርጎ አየ። ማዳመጫውን ከአንገቱ አውርዶ ጎኗን አዳመጠ። «መቼ ጀመራት? ምን በላች?» ብሎ ጠየቀ። የብልቃጡን ጽሑፍ አነበበ፣ አዲስ መርፌ ቀደደ፣ ከዚያ ወጋ። ሴትዮዋ «ዕድሜ ይስጥህ፣ የኔ ጌታ!» ብላ መረቀችው።

ባለጋሪው ዳማው ሲሞት አላለቀሰም ነበር። አሁን መሬት ላይ ዘፍ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ይችልበታል! ይችልበታል እኮ!» ይላል። ሰዎቹ ምን እንደሚል አልገባቸውም።

እንግዲህ ሐረግ፣ ያንቺም ነገር ይኸው ነው። ብትሄጂ ቡቺ አይመለስልሽም። ይቅርታም አትጠብቂ፤ እንደዚህ ዓይነቶቹን አውቃቸዋለሁ። አንቺ ቆመሽ እያየሽው ለሌላ ሰው ውሻ ሲጠነቀቅ ታያለሽ፣ ያኔ ነው በእውነት የሚያቃጥልሽ። የዚያች ሴትዮ ጥጃ ድናለች፤ ሴትዮዋ ግን እስከዛሬ የምትመርቀው ሐኪሙን ነው። ምን አገኛለሁ ላልሽው፣ ምንም አታገኚም። የሚያገኘው ካንቺ ኋላ የተሰለፈው ነው። ይህን ከቻልሽው የቡቺን ሰንሰለት ይዘሽ ሂጂ። ካልቻልሽም ቅሪ፣ እኔ አልፈርድብሽም። የሚቀጥለው ውሻም ግን የሚወደው ሰው አለው።