የእመት ጅቢት የጭቃ ምሳ

ከሁሉ አስቀድመን አንባቢን ይቅርታ እንጠይቃለን። ይህ ተረት ጭቃ አቡክተው ስለሚጫወቱ ሕፃናት ስለሆነ ለትልቅ ሰው ጆሮ አይመጥንም። ትልቅ ሰው ሥራ ይበዛበታል፤ ጎረቤቱ ምን እንደሠራ ማየት አለበት፣ ካየ በኋላ ደግሞ ተኝቶ መብሰልሰል አለበት። እንዲህ ያለውን ከባድ ሥራ አስቁመን ስለ ጭቃ በሬ ማውራታችን ድፍረት ነው። ከዚህም በላይ በዚህ ተረት አንዲት የተከበረች እመቤት ስሟ ይነሣል። ቀናተኛ ናት የሚሏት አሉ። እኛ ግን አንልም፤ የሆነውን ብቻ እናወራለን።

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ በርትቶ ወንዙ ሁሉ ሞልቶ መንገድ በተዘጋ ጊዜ፣ አያ አንበሳ አዋጅ አስነገረ። «ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዳይበላ!» አለ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ስላለው ጊዜ አዋጁ ምንም አላለም፤ እሱን ለየእንስሳው ኅሊና ትቶታል።

በዚህ አዋጅ ምክንያት እመት ጅቢትና እመት አህዪት አጥር ለአጥር ተጎራብተው በሰላም ይኖሩ ነበር። እመት ጅቢት ድንቡሼ የሚባል ልጅ አላት። እመት አህዪትም ቡላ የሚባል ውርንጭላ አላት። ዝናቡ ሜዳ አላስወጣ ሲላቸው፣ ድንቡሼ በአጥሩ ሽንቁር እየሾለከ አህዪት ቤት መዋል ጀመረ።

አንድ ቀን ወደ ማታ እስከ አፍንጫው ጭቃ ለብሶ እየፈነደቀ ገባ።

«እማዬ! እማዬ! ዛሬ እነ ቡላ ቤት ምን እንዳደረግን ታውቂያለሽ?»

«ምን በላችሁ?» አለች እመት ጅቢት። ስለ ልጅ አዋዋል የምታውቀው ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር።

«አልበላንም፣ ሠራን! እትዬ አህዪት ጭቃ አቡክተው ሰጡን። በሬ ሠራን፤ ቀንዱን በእሾህ አደረግንለት። ከበቆሎ አገዳ ደግሞ መነጽር ሠራን። ቡላ መነጽሩን አድርጎ ዳኛ ሆነና እኔን አሰረኝ!»

«አሰረህ? ምን አድርገህ?»

«በሬውን ሰርቄ ነዋ! ጅብ አይደለሁ?» አለና በሳቅ ተንከባለለ። «እትዬ አህዪት ዋስ ሆነው አስፈቱኝ። እትዬ አህዪት እኮ፣ እማዬ፣ ዋስ ሲሆኑ እንዴት እንደሚያስቁ! እትዬ አህዪት...»

«እትዬ አህዪት» የሚለው ስም እመት ጅቢት ጉሮሮ ላይ እንደ አጥንት ተሰነቀረ። ስንት አጥንት ባለፈበት ጉሮሮ ላይ አንድ ነገር ሲሰነቀር ይህ የመጀመሪያው ነው።

«እዚህ ቤት ምን ጎደለህ?» አለችው።

«ምንም አልጎደለኝ። አጥንት አለ።»

«ታዲያ?»

«እትዬ አህዪት ከእኛ ጋር ቁጭ ይላሉ።»

«እኔስ ቁጭ አልልም?»

ድንቡሼ አሰበ። «ትያለሽ» አለ። «ስትበዪ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እመት ጅቢት በአጥሩ ሽንቁር አንድ ዓይኗን አስገብታ መዋል ጀመረች። ቅናት አይደለም፤ አጥሩ እንዳይዘም ልትጠብቅ ነው። ልጇ ሲስቅ ስትሰማ ግን፣ «ያቺ ሸክም እንጂ ሌላ የማታውቅ! ያቺ ጆሮዋ ከራስ ቅሏ የሚበልጥ!» ትላለች። አጥሩ ግን ሳይዘም ቆየ።

በመጨረሻ አልቻለችም። የበግ ወርች ይዛ ወደ እመት ቀበሮ ቤት ሄደች።

«እመት ቀበሮ፣ ልጄን በጭቃ ቀሙኝ!»

ቀበሮ ፊቷን ሳይሆን ወርቹን እያየች፣ «ቀንተሽ ነው?» አለቻት።

«እኔ? በአህያ? በሞትኩት!»

«እኮ! እኔም ብዬ ነበር። ይሄ የእናት ፍቅር ነው። ቅናት ቢሆን ባዶ እጅሽን በመጣሽ ነበር። እስቲ ወርቹን እዚህ አኑሪው።» አስቀመጠችው። «አሁን ስሚኝ። አህዪት ምን አላት? ጭቃ። ጭቃ የማን ደጅ የለም? አንቺ ግን ቆዳ አለሽ፣ ቀንድ አለሽ፣ ጅማት አለሽ፣ አጥንትማ ተይው። በአገር ያልታየ መጫወቻ ሥሪ። ከዚያ የሰፈሩን ልጆች ከነእናቶቻቸው ጥሪ። ጎረቤት ያላየው መጫወቻ ምኑን መጫወቻ ሆነ?»

«ድንቡሼስ?»

«እሱማ የት ይሄዳል? ሰው ካየ በኋላ ይደርሳል» አለች ቀበሮ፣ ወርቹን እየጎተተች።

እመት ጅቢት ሥራ ጀመረች። እውነቱን ለመናገር ባለሙያ ናት። የፍየል ቆዳ በገለባ ጠቅጥቃ ኳስ ሰፋች። የበሬ ቀንድ ቦርቡራ ጥሩምባ አበጀች። ከጎድን አጥንት ጋሪ ሠራች፤ በጅማትም አሰረችው። ሁሉንም ግድግዳው ላይ ሰቀለችና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየች። አማረላት።

ድንቡሼ ዓይኑ ፈጠጠ። እጁን ወደ ኳሱ ዘረጋ።

«አትንካ! እንግዳ ሳያየው ሊቆሽሽ ነው!»

«አንዴ ብቻ ልምታው፣ እማዬ።»

«ነገ አህዪት አይታው ዓይኗ ደም ሲመስል፣ ያኔ ትመታዋለህ። አሁን ግባና ተኛ።»

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እመት ጅቢት ግን በሚያውቋት አገር፣ በገዛ ቤቷ፣ ቁርበቱን ራሷ ሰቅላ ራሷ ዘበኛ ሆነች። በማግሥቱ ማለዳ ኳሱን አየችው። ስፌቱ የላላ መሰላት። በጥርሷ ጠበቅ አደረገችው። ጠበቅ ሲያደርጉት ደግሞ ይጣፍጣል። ጥሩምባውም አፉ ሻካራ ነውና የልጅ ከንፈር እንዳይጎዳ ማለስለስ ነበረባት። ጋሪውማ ኳስ የሌለው ጋሪ ብቻውን ምን ያደርጋል?

ረፋዱ ላይ እንግዶቹ መጡ። እመት ጦጢት ልጆቿን ታቅፋ፣ እመት አህዪት ቡላን አስከትላ፣ እመት ቀበሮም ማንም ሳይጠራት ገቡ። ሁሉም ግድግዳውን ተመለከቱ። ግድግዳው ላይ ባዶ ችካሎች ብቻ ነበሩ።

«ኳሱ የታለ?» አለች ጦጢት።

«ነበረ» አለች እመት ጅቢት።

«ጥሩምባውስ?»

«እሱም ነበረ» አለችና ግሳት አመለጣት።

የጦጣ ልጆች ከእናታቸው ጀርባ ሆነው ተንከተከቱ። ቀበሮ ግድግዳውን ደባብሳ፣ «ልስኑ ግን እጅግ ያምራል» አለች። ድንቡሼ አንገቱን ደፋ። ግድግዳው ሥር አንዲት የጎድን አጥንት ወድቃ ነበር፤ አንስቶ ብብቱ ውስጥ ወሸቃት።

እመት አህዪት ብቻ አልሳቀችም። «አይዞሽ፣ እመት ጅቢት» አለቻት። «የእኛም በሬ ዝናብ በነካው ቁጥር ይፈርሳል። ልጆቹ ወደኛ ይምጡና ሌላ ይሠራሉ። አንቺም ነይ።»

እመት ጅቢት ስድብ ብትሰማ ይሻላት ነበር። «ሥራ አለብኝ» አለች ጥርሷን ነክሳ። ልጆቹ ግልብጥ ብለው ሄዱ። ድንቡሼም ሄደ። ዞር ብሎም አላያት።

ባዶውን ግድግዳ እያየች ጥቂት ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ሽንቁሩን በትከሻዋ አስፍታ አህዪት ቤት ገባች። ልጆቹና አህዪት ውኃ ሊቀዱ ወደ ጓሮ ወጥተው ነበር። መደቡ ላይ የጭቃው ሥራ ሁሉ ተደርድሮ ይደርቃል፤ በሬው፣ ጎጆው፣ ጀበናው። መሃል ላይ፣ ለብቻው ቅጠል ተነጥፎለት፣ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ምስል ቆሟል። ሆዱ ትልቅ ነው። እግሩ አራት ነው። ጆሮዎቹ ግን ቀጥ ብለው የቆሙ፣ የረዘሙ፣ አቤት የረዘሙ!

«አህዪትን!» አለች እመት ጅቢት። «የገዛ ልጄ፣ እኔ የወለድኩት፣ አህዪትን ሠርቶ ቅጠል አነጠፈላት!»

አዋጁ ትዝ አላት። ጎረቤት አይበላም። ስለ ጭቃ ጎረቤት ግን አያ አንበሳ የተናገረው ነገር አልነበረም። ከጆሮው ጀምራ ዋጠችው።

ድንቡሼ በቅል ውኃ ይዞ፣ አህዪትና ልጆቹም ተከትለውት፣ ሲገባ ቅጠሉ ባዶ ነበር።

«እማዬ! መጣሽ?» አለ ደስ ብሎት። ቅጠሉን አየ። «እንዴ! እዚህ ያቆምኩሽ የት ሄድሽ?»

«ማንን? እኔን?»

«አዎ! ስንት ቀን ስሠራሽ ከረምኩ እኮ! ሆድሽ እየፈረሰ አስቸግሮኝ...»

«ውሸታም! እሷ አህያ ናት! ጆሮዋን አይቻለሁ!»

ድንቡሼ በእናቱ ከንፈር ዳርና ዳር ያለውን ጭቃ አየ። ቅሉን መሬት አስቀመጠ።

«ጆሮሽን እኔ ነኝ ያስረዘምኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ስጠራሽ እንድትሰሚኝ ብዬ።»

እመት ጅቢት በዕድሜዋ ያልበላችው ነገር የለም፤ ራሷን ስትበላ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሆዷን አንድ ነገር ከበዳት። ጭቃው ይሁን ሌላ፣ እኛ ሐኪም አይደለንም።

«ሌላ ሥራኛ» አለች በመጨረሻ።

«አልሠራም። ትበዪዋለሽ» አለና አህዪት እግር ሥር ሄዶ ተሸጎጠ። እመት ጅቢት ይህን በሽንቁር ብታይ አጥሩን በበላችው ነበር። ፊት ለፊት ስታየው ግን ከንፈሯ ላይ ያለውን ጭቃ ጠረገች።

እመት አህዪት በሁለቱ መካከል ቆማ ጆሮዋን አወዛወዘች። «ልጆቹ እቃቃ ሊጫወቱ ነበር» አለች። «እናት አለ፣ አባት አለ፣ እንግዳ ግን ጎድሏቸዋል። ቁጭ ትያለሽ?»

እመት ጅቢት የሚበላ ነገር ሳይቀርብላት፣ እርጥቡ ጭቃ ላይ፣ ቁጭ አለች።

ቡላ የአገዳ መነጽሩን አድርጎ ተቀበላት። «ግቡ፣ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ!» አለ አባወራ ሆኖ። ድንቡሼ ግን አኩርፎ ቆየ። በኋላ ከአህዪት እግር ሥር ሳይወጣ ቅጠል አነጠፈ። የጭቃ ዳቦ አኖረበት። ከዚያ ብብቱን ፈትሾ ያቺን የጎድን አጥንት አወጣና ከዳቦው አጠገብ አስቀመጣት።

«ይሄ ሥጋው ነው» አለ። «የበላሽ ትመስያለሽ እንጂ አትበዪም። ጨዋታው እንደዚያ ነው። ከበላሽው... ከበላሽው እትዬ አህዪት እናቴ ይሆናሉ።»

እመት ጅቢት አጥንቷን አነሣች። እውነተኛ አጥንት ናት፤ መቅኔዋ ውስጧ አለ። ወደ አፏ አስጠጋቻት። ለሃጯ ተንጠባጠበ። ቡላ መነጽሩን አወለቀ። ቀበሮ እንኳ አጥንት አሽትታ ኖሮ በሽንቁሩ አንገቷን አስገብታ ታይ ነበር።

«ኛም፣ ኛም፣ ኛም» አለች እመት ጅቢት በባዶ አፏ። አጥንቷን መልሳ ቅጠሉ ላይ አኖረቻት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ጠገብኩ።»

ይህ ቃል ከዚያ በፊት ከጅብ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

«በሞቴ ይጨመር!» አለ ድንቡሼ፣ ሳቁ አመለጠው። «በኔ ሞት፣ እንግዳ፣ ቅመሱ!»

«ኧረ በቃኝ ልጄ፣ ሆዴ ሊፈነዳ ነው!»

ድንቡሼ ከአህዪት እግር ሥር ወጥቶ እናቱ አጠገብ ተቀመጠና ጭቃ ማድቦልቦል ጀመረ። መጀመሪያ ሆዱን ሠራ፣ ቀጥሎ እግሩን። ጆሮው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አያት።

«ላሳጥረው?»

እመት ጅቢት አፍንጫዋን ሳበች። «ተወው» አለች። «ይርዘም።»

ዝናቡ ሲያባራና አዋጁ ሲያበቃ ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። እመት አህዪት አጥሩን አጠበቀች፤ አህያ ብትሆንም ሞኝ አይደለችም። ሽንቁሩን ግን በድንቡሼ ትከሻ ልክ ተወችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጁ የጎረቤቱን ቤት የወደደበት ሰው ጎረቤቱን ለመብላት ከመነሣቱ በፊት ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ በባዶ አፉ ጠገብኩ ማለትን መልመድ እንዳለበት ነው።

ይህን ተረት ግን አደራ ለማንም እንዳትደግሙት፤ እመት ጅቢት ቀናተኛ አሉኝ ብላ ትቀየመናለች፣ ጆሮዋ ደግሞ እንደ ረዘመ ታውቃላችሁ።