ቁልቁለት ላይ የተፈተነው የባጃጅ ሾፌር

ብምልልህም አታምነኝም፤ ግን ሚካኤልን እልሃለሁ፣ እውነት ነው። «የሽማግሎቹን ምክር ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ታዲያ ሚስቴ ‹ምኑን ተለወጥህ› ብላ ጓዟን የምትሸክፈው ለምንድን ነው?» ብለህ ጠየቅኸኝ አይደል፣ ደምሰው? እንግዲያስ ቁጭ በልና ስማ።

አንድ ሰው ነበረ። ገና ጢም ያላበቀለ የባጃጅ ሾፌር ነው። ሲነዳ የገዛ አቧራው እንኳ አይደርስበትም። ትራፊክ ፖሊስ ያዘውና ፍርድ ቤት አቆመው። ዳኛዋ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እስር ቤት ብልክህ እዚያም ግቢ ውስጥ ትሮጣለህ» አለችው። «በኢንተርኔት የሚሰጠውን የጥንቃቄ ትምህርት በስልክህ ተማር። ፈተናውን አልፈህ ካልመጣህ መንጃ ፈቃድህን እርሳው።»

ቤተሰቡን በሙሉ የምታበላ ያቺ ባጃጅ ናት። ልጁ ግን ነገ እማራለሁ፣ ከነገ ወዲያ እማራለሁ ሲል የመጨረሻው ቀን ደረሰበት። ሥራውን ማቆምም አልሆነለትም። ስለዚህ ስልኩን መሪው ላይ በላስቲክ ጠፍሮ አሰረና እየነዳ ይማር ጀመር። «እየነዱ ስልክ አይመልከቱ» የሚለው ትምህርት ሲመጣ አፍጥጦ አነበበና «እውነት ነው!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ከኋላው አንዲት መነኩሲትና አንድ ዶሮ ነጋዴ ከነዶሮዎቹ ተሳፍረዋል። ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደውን ቁልቁለት ሲጀምሩ ስልኩ የመጨረሻውን ጥያቄ አወጣ፦ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ሲያዩ ምን ያደርጋሉ? አጠገቡ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ይቺን ከሳተ መንጃ ፈቃዱ ሄደ ማለት ነው።

ቀና አለ። ከታች አራት ሰዎች ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው መሐል መንገድ ላይ ናቸው። መሮጥ አይችሉም፤ መጣልም አይችሉም። ሸክማቸውን ይዘው በዓይናቸው ብቻ ለመኑት።

«ፍሬን ያዝ እንጂ፣ አንተ ልጅ!» ብሎ ነጋዴው ጮኸ።

ልጁ አየ፤ ሰማ። ግን ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። «አንዴ፣ አንዴ! ይቺን ልመልስ!» አለና እጁን ከመሪው አንስቶ «እቆማለሁ» የሚለውን ተጫነ።

መልሱ ትክክል ነው። ባጃጇ ግን አልቆመችም።

መነኩሲቷ ከኋላ ተወርውረው መሪውን ጨምድደው ወደ ጎን ጠመዘዙት። ባጃጇ ቃሬዛውን ለጥቂት ስታ ቦይ ውስጥ በጎኗ ተጋደመች። ዶሮዎቹ ሰማዩን ሞሉት። የሴቲቱ ምጥ በድንጋጤ ቀጥ ብሎ እስከ ማግስቱ አልተመለሰም ይባላል፤ ይቺን እንኳ እኔ ጨምሬባት ይሆናል። ሰው አልሞተም። አቧራው መሐል ስልኩ ብቻ በደስታ ጮኸ፦ «እንኳን ደስ አለዎት! ጠንቃቃ አሽከርካሪ ነዎት!»

አንተም እንደዚያ ልጅ ነህ፣ ደምሰው። ሽማግሎቹ «ቁጣ ሲመጣብህ ምን ታደርጋለህ?» ሲሉህ «ዝም እላለሁ» ብለህ ትመልሳለህ፤ እነሱም ይመርቁሃል። ማታ ወጡ ትንሽ ጨው ሲበዛበት ግን ልጆችህ አልጋ ሥር ይገባሉ። አፍህ ፈተናውን አልፏል፤ ቤትህ ግን አሁንም ቁልቁለቱ ላይ ነው። ሚስትህ ጓዟን የምትሸክፈው ቦይ ውስጥ ሳትጋደም ለመውረድ ነው።

ምን አልክ? የልጁ መጨረሻ? ትራፊክ ፖሊሱ እየሮጠ ሲመጣ ልጁ ከቦይ ሳይወጣ ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቶ «አልፌያለሁ! መንጃ ፈቃዴን አትንኩብኝ!» አለ። ይኼኔ መነኩሲቷ ከቆባቸው ላይ የዶሮ ላባ እየነቀሉ ጮኹ፦

«መንጃ ፈቃዱንማ ለስልኩ ስጡት! የተማረው እሱ ነው!»